የነጋዴ ስም በስልክ መስመር ላይ፤ ማንነትን ከሚሰርቁ ሰዎች ስለ መጠንቀቅ

በንግድ ሥራ ከገንዘብ ቀድሞ የሚመጣው ስም መሆኑን ነጋዴው ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ሰው እህል በዱቤ ሲወስድ ለመተማመኛ የሚያቀርበው ስሙን ነው፤ ስሙ ያልበቃ እንደ ሆነ ደግሞ ስም ያለው ዋስ ይጠራል። ጽሕፈት የማያውቀው በአውራ ጣቱ ያትማል፤ የሚያውቀው ይፈርማል፤ ትልቁ ነጋዴ ማኅተሙን በሣጥን ቈልፎ ያኖራል። የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ የነጋዴው ማንነት የሚታወቀው በዚሁ በማኅተምና በፊርማ፣ ከሁሉም በላይ ግን ፊት ለፊት በመተዋወቅ ነበር።

ሾላ ገበያን የሚያውቅ ሰው ይህ ልማድ ዛሬም እንዳልጠፋ ይመሰክራል። በየካ ክፍለ ከተማ ውስጥ በሚገኘው በዚህ ገበያ ቅቤ፣ በርበሬ፣ ቅመማ ቅመምና እህል የሚሸጡት ነጋዴዎች ከደንበኞቻቸው ጋር የሚተዋወቁት በመልክ ብቻ ሳይሆን በድምፅም ጭምር ነው። ሴትዮዋ ቀና ሳትል የማን ልጅ እንደ መጣ ታውቃለች። ይሁን እንጂ ክፍያው ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን እየተወ ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀምረዋል፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት ዘርግተዋል። የቴሌብር ተጠቃሚ ብቻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ከዚህ የተነሣ የአንድ ነጋዴ የስልክ ቁጥር የመነጋገሪያ መስመር መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ሣጥኑ መክፈቻ፣ ፊርማውና ማኅተሙ ሆኗል ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ማኅተሙ በሣጥን ይቈለፍ የነበረ ሲሆን፣ የስልክ ቁጥሩ ግን በሱቁ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚታይ መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጸው ያሰብነው ማንነትን መስረቅ የሚባለው ወንጀል በምን መንገድ እንደሚፈጸምና ነጋዴው ራሱን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል ነው። ማንነትን የሚሰርቅ ሰው የሚፈልገው በመጀመሪያ ገንዘቡን አይደለም፤ ባለገንዘቡን መስሎ መቆም ነው። ባለቤቱን መስሎ ከቆመ በኋላ ገንዘቡ ራሱ ይመጣለታል። ስለዚህም የአገራችን ሕግ ይህን ድርጊት ከማታለል ለይቶ ይቀጣል። ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 11 የሌላውን ሰው የኤሌክትሮኒክ ማንነት የሚገልጽ ዳታ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ያመረተ፣ ያገኘ፣ የሸጠ፣ የያዘ ወይም ያስተላለፈ ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲቀጣ ደንግጓል። መያዝና መሸጥ ብቻውን ወንጀል መሆኑን ልብ ይሏል፤ አንድ ብር እንኳ ባይጠፋ የሌላውን ሰው መለያ ሰብስቦ መሸጥ ያስቀጣል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። እንበልና አንዲት የበርበሬ ነጋዴ በቅዳሜ ረፋድ፣ ገበያው በሞቀበት ሰዓት ስልኳ ይጮኻል። ደዋዩ ለስላሳና ትሑት ድምፅ ያለው ወጣት ነው። «ጤና ይስጥልኝ እናቴ፤ ከቴሌ ነው የምንደውልልዎ» ይላል፤ ስሟን ከነአባቷ ይጠራል። መስመርዎ ሊዘጋ ነውና አሁኑኑ ማደስ አለብን፣ ወይም ዕጣ ደርሶዎታል፣ ወይም ከሂሳብዎ ላይ ሰው ገንዘብ ሊያወጣ ሲል ይዘነዋል ይላታል። ይህ የመጨረሻው በጣም ተንኰለኛው ነው፤ ሌባው ራሱ ሌባ መጣ ብሎ ይጮኻልና። ከዚያም «አሁን በስልክዎ የሚገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። በእውነትም ወዲያው አጭር መልእክት ይገባል። ቁጥሩ ደዋዩ እንደ ተናገረው በመግባቱ ሴትዮዋ ይበልጥ ታምናለች፤ ሚዛኑን በአንድ እጅዋ ይዛ፣ ደንበኛ እየጠበቃት፣ «እሺ ልጄ» ብላ ታነብለታለች።

ይህ ቁጥር ምን እንደ ሆነ በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል፤ የጠቅላላው ነገር መክፈቻ እርሱ ነውና። ሌባው በዚያው ደቂቃ በራሱ ስልክ ላይ የባንኩን ወይም የቴሌብርን መተግበሪያ ከፍቶ የነጋዴዋን የስልክ ቁጥር አስገብቷል። ማሽኑ «እውነት አንተ የዚህ ቁጥር ባለቤት ነህን?» ብሎ እንደ መጠየቅ ያህል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የማረጋገጫ ቁጥር ወደ እውነተኛይቱ ባለቤት ስልክ ይልካል። እንግዲህ መልእክቱ የገባው ደዋዩ የቴሌ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌባው በሩ ላይ ቆሞ ስላንኳኳ ነው። ቁጥሩን ማንበብ በሩን ከውስጥ መክፈት ይሆናል። ከዚህ በተረፈ የምሥጢር ቁጥሩን ጨምሮ ካወጣጣት ሥራው አለቀ። እውነተኛ የባንክ ወይም የቴሌ ሠራተኛ የማረጋገጫ ቁጥርንም ሆነ የምሥጢር ቁጥርን በስልክ የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት የለውም። ስለዚህ የደዋዩን ማንነት ለመመርመር መድከም አያስፈልግም፤ ቁጥር ይነበብልኝ ማለቱ ብቻ ማንነቱን ይገልጻል።

ስሜን ከነአባቴ እንዴት አወቀ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይህ ከባድ ነገር አይደለም። ወደ አንድ የስልክ ቁጥር ገንዘብ ለመላክ የጀመረ ሰው ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ይታየዋል፤ ይህም የተደረገው ላኪው እንዳይሳሳት ለደግ ነው። ሌባው በሱቁ በር ላይ ያነበበውን ቁጥር በዚህ መንገድ ወደ ስም ይለውጠዋል። ስምን መጥራት ዝምድናን አያስረዳም።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ ዘዴም አለ። ደዋዩ ቁጥር አንብቢልኝ አይልም፤ «ኮከብ ኮከብ 21 ኮከብ» ብሎ ከዚያ የስልክ ቁጥር አስከትሎ፣ በመሰላል ዘግተሽ ደውዪ ይላታል። ይህ በማንኛውም የእጅ ስልክ ላይ የሚሠራ፣ ወደ አንድ ስልክ የሚመጣውን ጥሪ ሁሉ ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ በድምፅ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር በቀጥታ ለሌባው ይደርሳል፤ ባለቤትዋም ስልኬ ለምን ዝም አለ እያለች ትውላለች። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው *#21# ብሎ ቢደውል ጥሪው ወዴት እንደ ዞረ ያያል፤ ##002# ብሎ ሲደውል ደግሞ የዞረው ሁሉ ይሰረዛል። ይህን ለመፈተሽ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ቴሌግራምን በተመለከተ ጥቂት መናገር ተገቢ ነው፤ ዛሬ ብዙው ነጋዴ ዕቃውን የሚያሳየውና ከአቅራቢው ጋር የሚጻጻፈው በዚሁ ነውና። የሚያውቁት ሰው «ልጄ በውድድር ላይ ነች፤ ድምፅ ስጡልኝ» ብሎ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ የስልክ ቁጥርና የመግቢያ ቁጥር ይጠይቃል። ያን ያስገባ ሰው የቴሌግራሙን ቁልፍ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው፤ ያ መልእክት የላከው ወዳጁም ቀድሞ ተሰርቆ ይሆናል እንጂ በእውነት እርሱ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለነጋዴ ከግል ጉዳት ያለፈ ነው። ሌባው በባለቤቱ ስምና ፎቶግራፍ ለደንበኞቹ ሁሉ ይጽፋል፤ የአንዱን አቅራቢ ጫና ጭነናልና ቀብዱን በዚህ አዲስ ሂሳብ ላኩ ይላል፤ ከሌላው ብድር ይጠይቃል። የቀድሞ ደብዳቤዎችን አንብቦ ስለሚጽፍ የዋጋውንም የአነጋገሩንም ነገር አይስትም። የደንበኛው ገንዘብ ሲጠፋ በገበያው የሚነሣው ስም የሌባው አይደለም። መከላከያው ቀላል ነው፤ በቴሌግራም የቅንብር ገጽ ውስጥ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ከፍቶ ራሱ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማኖር ነው። ይህ ካለ በአጭር መልእክት የመጣው ቁጥር ብቻውን በሩን አይከፍትም። በተጨማሪም በነጋዴዎች መካከል የሂሳብ ቁጥር ተለወጠ የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ደውሎ በድምፅ ሳያረጋግጡ አንድ ሳንቲም አለመላክ ልማድ ሊሆን ይገባል።

የባንክን ማንነት የሚሰርቅም አለ። ገዢ መስሎ የመጣ ሰው ቅቤውን አስመዝኖ፣ ክፍያውን ፈጽሜአለሁ ብሎ በስልኩ ላይ ያለውን ሥዕል ያሳያል፤ ወይም ከባንኩ የመጣ የሚመስል መልእክት ወደ ሻጭዋ ስልክ ይገባል። ሥዕል በቀላሉ ተስተካክሎ ይሠራል፤ የላኪ ስምም መመሳሰል ይችላል። አባቶቻችን በማርያ ቴሬዛ ብር በሚገበያዩበት ዘመን በንግሥቲቱ ዘውድና በልብስዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቈጥረው ካላረጋገጡ ብሩን አይቀበሉም ነበር፤ በ1780 እ.ኤ.አ. የሚለው ጽሕፈትም ሊጐድል አይገባውም ነበር። ዛሬ የሚቈጠረው ነጥብ የራስ ቀሪ ሂሳብ ነው። ገዢው ያሳየው ስልክ ሳይሆን የሻጩ ስልክ ተከፍቶ፣ በራሱ መተግበሪያ ወይም በ*127# ገብቶ ገንዘቡ መግባቱን ማየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር «ኤፍ ቲ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራልና ማስረጃውን በዚያ ቁጥር ማመሳከር ይቻላል። ቅቤውን አሽትታና ቀምሳ የምትገዛ ነጋዴ ክፍያውን ሳታይ የምትቀበልበት ምክንያት አይታየንም። በሌሎች አገሮች ደግሞ በሱቅ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የመክፈያ ኪው አር ኮድ ላይ ሌቦች የራሳቸውን ደርበው እየለጠፉ የቀን ሽያጩን መውሰዳቸው የታወቀ ነው፤ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ወረቀቱን በእጅ ዳሶ ማየት አይከፋም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን የሲም ካርድን ጉዳይ እናንሣ። በገበያችን ከሚሠራባቸው መስመሮች ጥቂት የማይባሉት የተመዘገቡት በባለቤታቸው ስም አይደለም። አንዱ በወንድሙ ስም፣ ሌላው ድሮ ሱቅ ውስጥ ይሠራ በነበረ ልጅ ስም ያወጣው ነው። ሰላም እስካለ ድረስ ጉዳት አይታይም፤ ስልኩ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ዕለት ግን መስመሩን አዘግቶ በምትኩ ሌላ ሲም ለማውጣት መብት ያለው በመዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ያ ሰው የተጣላ እንደ ሆነ መስመሩን በሕጋዊ መንገድ አውጥቶ በዚያው ቁጥር የተያያዘውን የባንክ ሂሳብና ቴሌግራም ሊከፍት ይችላል። ማንኛውም ነጋዴ የሚሠራበትን መስመር በራሱ ስም ማዛወር ይገባዋል። ስልኩ ምንም ሳይሆን በድንገት አገልግሎት የለም ካለና የጎረቤት ስልክ በደህና እየሠራ ከሆነ፣ ሌላ ሰው በዚያ ቁጥር ሲም አውጥቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው በሌላ ስልክ ማመልከት ያስፈልጋል። የተውነው አሮጌ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ እንደሚችልም አይዘንጋ፤ ከባንክና ከቴሌግራም ሳያላቅቁ ቁጥር መተው ሱቅን ቁልፉ በበሩ ላይ እንዳለ ትቶ እንደ መሄድ ነው።

የምሥጢር ቁጥርን ስለ ማካፈል የሚነገረው ምክር በጽሑፍ ቀላል፣ በገበያ ግን ከባድ ነው። ማንበብ የማይችሉ ብዙ እናቶች ስልካቸውን ለሱቅ ልጅ ወይም ለጎረቤት ሰጥተው ካልላኩ መላክ አይችሉም፤ ለማንም አትስጡ ብሎ ማለፍ ችግራቸውን አያቃልልም። የሚሻለው እንዲህ ነው። የምሥጢር ቁጥሩን ባለቤትዋ ራስዋ በጣትዋ እንድትነካ መልመድ ትችላለች፤ አኀዝ መለየት ፊደል ከመቁጠር ይቀላልና፣ ገንዘብ ቆጥራ የምታድር ሴት አኀዝ አይቸግራትም። ሌላው ሰው የተቀባዩን ቁጥርና ልኩን ያስገባ፤ የመጨረሻውን እርስዋ ትጨርስ። የሱቁን ሽያጭ የሚቀበለው ሂሳብም ከቤት ገንዘብ የተለየ ቢሆን፣ በሠራተኛ እጅ የሚውለው ስልክ የዕለቱን ሽያጭ እንጂ የዓመቱን ቁጠባ አይዝም። የትውልድ ዓመትንና የስልክ ቁጥርን ጫፍ የምሥጢር ቁጥር ማድረግ ግን ለማንም የማይመከር ነው።

እስካሁን የተናገርነው የሚጠፋው ገንዘብ ስለሚታይበት ጉዳይ ነው። ከዚህ የሚከፋው በወረቀት የሚጀምረውና ባለቤቱ ሳያውቀው ለዓመታት የሚቆየው ነው። የመታወቂያ፣ የንግድ ፈቃድና በተለምዶ ቲን ነምበር የሚባለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቅጂዎች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ይቀራሉ፤ ለማናውቀው ደላላ በቴሌግራም ይላካሉ፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ለሚል ሰው ይሰጣሉ። እነዚህን በእጁ ያስገባ ሰው በሌላው ስም ንግድ ፈቃድ ሊያወጣ፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ ሊያሳትምና ሊሸጥ ይሞክራል። በአገራችን የሐሰተኛ ደረሰኝ ንግድ የገቢዎችን መሥሪያ ቤት ለብዙ ጊዜ ያስቸገረ ነገር ነው፤ በዚህም ውስጥ ስማቸውና መታወቂያቸው መሣሪያ የተደረጉት ብዙ ጊዜ ምንም የማያውቁ ድሆች ናቸው። ባልሸጠው ዕቃ የግብር ዕዳ የመጣበት ነጋዴ ዕዳው የእርሱ አለመሆኑን ለማስረዳት የሚደክመው ድካም ከተሰረቀ ገንዘብ ይብሳል፤ ገንዘብ ተሠርቶ ይተካል፣ በመዝገብ ላይ የተበላሸ ስም ግን ፈቃድ በታደሰ ቁጥር ይነሣል።

ስለዚህ የወረቀት ቅጂ መስጠት ግድ ሲሆን፣ በቅጂው ፊት ላይ ጽሑፉን አቋርጦ «ለዚህ ጉዳይ ብቻ የተሰጠ» ብሎ ጉዳዩንና ቀኑን በብዕር መጻፍ በጣም ጠቃሚ ነው፤ ያ ወረቀት ለሌላ ጉዳይ ሲቀርብ ራሱ ይመሰክራል። በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢንተርኔት ገጽ ላይ የመለያ ቁጥርን አስገብቶ በዚያ ቁጥር የወጣውን ንግድ ፈቃድ ማየት ይቻላልና፣ ነጋዴው በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የራሱን ቢመለከት ያላወጣው ፈቃድ ካለ ያገኘዋል።

የፋይዳ መታወቂያም በዚሁ ሥር ይወድቃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ይህ መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ስለሚይዝ በሌላ ሰው ስም ሁለተኛ ጊዜ መመዝገብን አስቸጋሪ አድርጎታል፤ ይህ ለነጋዴው ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የሚታወቅበት 12 አኀዝ ያለው ቁጥር ለማንም የሚሰጥ አይደለም፤ በካርዱ ላይ የታተመው 16 አኀዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር የተዘጋጀው ዋናው እንዳይዞር ነው። በፋይዳም ማንነት ሲረጋገጥ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ተመዘገበው ስልክ ስለሚላክ፣ ከላይ ስለ ስልክ ጥሪ የተናገርነው ሁሉ እዚህም ይሠራል። የግል ዳታን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃውን ለሰጠው ሰው መብት ይሰጣል፤ ባንክም ሆነ ሌላ ድርጅት የያዘብኝ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ፣ የተሳሳተውንም ማሳረም ይቻላል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መታወቂያህን ትተህ ሂድ ለሚል የሕንፃ ዘበኛ ይህን አዋጅ ማስረዳት ቀላል አይሆንም፤ መብቱ ግን አለ።

ጥንቃቄው አልሠራ ብሎ ጉዳቱ ከደረሰ ዋጋ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ በወኪል በኩል በጥሬ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ ሊታገድ ይችላል፤ ከወጣ በኋላ ግን ፈላጊው ፖሊስ ብቻ ነው። ብዙ ሰው በእፍረት ዝም ብሎ ያድራል፤ ሌባውም የሚተማመነው በዚህ እፍረት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛ በ951፣ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994፣ የቴሌብር ደንበኛ በ127፣ የሳፋሪኮምና የኤም ፔሳ ደንበኛ በ700 ደውሎ ሂሳቡና መስመሩ እንዲታገድ ማመልከት አለበት፤ ለፖሊስ 991 አለ። የደዋዩ ቁጥር፣ የገቡት መልእክቶችና የዝውውሩ ቁጥር ማስረጃ ስለሆኑ በንዴት መሰረዝ አይገባም። ከዚያ በኋላ ለደንበኞችና ለአቅራቢዎች ደውሎ «በስሜ የሚመጣ መልእክት የእኔ አይደለም» ማለት ያስፈልጋል፤ በሾላ ገበያ ይህ ወሬ ከስልክ ይልቅ በአፍ ይፈጥናል።

እነዚህ ቁጥሮች በስልኩ ውስጥ ብቻ የተመዘገቡ እንደ ሆነ ስልኩ በጠፋ ቀን አብረው ይጠፋሉና፣ በወረቀት ተጽፈው በሂሳብ መዝገቡ ሽፋን ውስጥ ወይም በሚዛኑ አጠገብ ቢለጠፉ ይሻላል።